የተቀበረው የማን መክሊት ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ይህችን ጽሑፍ ምናልባት ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ገዝታችኋት ይሆናል። ከዚያ ስትወጡ ግራና ቀኝ በተቀመጡት ነዳያን መካከል አልፋችኋል። የሰጣችሁም አላችሁ፤ እግዚአብሔር ይቀበልላችሁ። ዛሬ የምጠይቃችሁ ግን ከመካከላቸው ስለ አንዱ ዓይነት ሰው ነው። እጁም እግሩም ደህና ነው። ጉልበትም አለው። ዕድሜው ሃያ ወይም ሃያ አምስት ቢሆን ነው። ነገር ግን ስሙን ስትጠይቁት ቆይቶ ነው የሚመልሰው፤ ከአሥር በላይ መቁጠር ይቸግረዋል፤ የሰፈር ልጆች ይስቁበታል። እኛ ደግሞ «የዋህ ነው» ብለን አምስት ብር እንሰጠውና እናልፋለን። ስንቆጣ የምንጠራው ሌላ ስም አለ፤ እርሱን በዚህ ወረቀት ላይ አልጽፈውም።

ትክክለኛው መጠሪያ የአእምሮ እድገት ውስንነት ነው። ብዙ ሰው ከአእምሮ ሕመም ጋር ያምታታዋል። የአእምሮ ሕመም ደህና የነበረን ሰው ካደገ በኋላ ሊይዘው ይችላል፣ ሕክምናም አለው። ይኼኛው ግን ከልጅነት ጀምሮ ነገርን ቀስ ብሎ የመረዳትና የመልመድ ጉዳይ ነው። ምክንያቱም አንድ አይደለም። በምጥ ጊዜ ሕፃኑ አየር ያጥረዋል፤ ወይም በጨቅላነቱ ማጅራት ገትር ይይዘዋል፤ ወይም እንደ ዳውን ሲንድረም ያለ ከፅንሰቱ ጀምሮ አብሮት የመጣ ነገር ይሆናል፤ ወይም እናቲቱ በእርግዝናዋ ጊዜ አዮዲን ያንሳታል። (አዮዲን ያለው ጨው ግዙ የሚባለው ለእንቅርት ብቻ መስሎን ነበር፤ ለፅንሱ አእምሮም ነው።) በዓለም ላይ በተደረጉ ጥናቶች ከ100 ሰው 1 ገደማ እንዲህ ያለ ውስንነት እንዳለው ይገመታል። እንግዲህ 1,000 ምእመን ባለበት ደብር አሥር ሰው ማለት ነው። አሥሩ የት ናቸው? ደጅ ላይ የምናየው አንዱን ወይም ሁለቱን ነው። ሌሎቹ ጓዳ ውስጥ ናቸው።

ጓዳ የከተታቸው «የማን ኃጢአት ነው» የሚለው ጥያቄ ነው። ይህን ጥያቄ ደቀ መዛሙርቱም ጠይቀውት ነበር፤ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው። ጌታችን የእርሱም የወላጆቹም ኃጢአት እንዳልሆነ ነግሯቸዋል (ዮሐ. 9)። መልሱ ከተሰጠ ሁለት ሺህ ዓመት ሊሆነው ነው፤ እኛ ግን ዛሬም የጎረቤታችንን ልጅ ባየን ቁጥር ጥያቄውን እንደ አዲስ እንጠይቃለን። ጠበል አታጠምቋቸው እያልኩ አይደለም፤ ጠበሉ በረከት ነው። ልጁ ከጠበል ተመልሶም ቀስ ብሎ የሚረዳ ልጅ ከሆነ ግን ያ ልጅ ከነጉልበቱ፣ ከነፍላጎቱ የእግዚአብሔር ሰው ነውና ቀጣዩን ነገር እናስብለት። ቀጣዩ ነገር ሥራ ነው።

አሁን በዐቢይ ጾም ሳምንታት ውስጥ ነን። አራተኛው ሰንበት መጻጉዕ ነው። ያ ሰው 38 ዓመት አልጋ ላይ የቆየው መጠመቂያው ርቆበት አልነበረም፤ አጠገቡ ነበር። የጎደለው ውኃው ሲናወጥ ይዞ የሚያወርደው ሰው ነበር። እስቲ ደግሞ ይህን አስተውሉ፤ ጌታችን ከፈወሰው በኋላ ዝም ብለህ ሂድ አላለውም። የተኛበትን አልጋ እንዲሸከም አዘዘው። ለ38 ዓመታት ሌሎች ሲሸከሙት የኖረው ሰው ዛሬ እርሱ የሚሸከመው ነገር ተሰጠው። መሸከም መቻል ራሱ የጤናው ምልክት ሆነ።

ስድስተኛው ሰንበት ገብር ኄር ነው። አምስት መክሊት፣ ሁለት መክሊት፣ አንድ መክሊት። ሁልጊዜ የምንሰብከው መክሊቱን ስለቀበረው ሰው ነው። እኔ ግን ሁለት መክሊት የተቀበለውን ባሪያ እወደዋለሁ። አምስት ካተረፈው ጎን ቆሞ ሁለት አተረፍኩ ሲል አላፈረም። ጌታውም ለሁለቱም የሰጣቸው ምስጋና አንድ ዓይነት ነው፤ ማቴዎስ ምዕራፍ 25ን አውጥታችሁ አስተያዩ። አተረፈው በተባለው መጠን ሳይሆን በታማኝነቱ ነው የተመሰገነው። እንግዲህ ወንድማችን አንድ ወይም ሁለት መክሊት ተሰጥቶት ቢሆን፣ የሚነግድበትን ገበያ የዘጋንበት እኛ ከሆንን፣ መክሊቱን የቀበረው ማን ነው? ያ ሰነፍ ባሪያ ቢያንስ የቀበረው የራሱን ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይህን የምጽፈው ከአዋቂነት ተነሥቼ ሳይሆን ከጥፋቴ ነው።

በማገለግልበት በጎባ አንድ ወጣት ነበር። ዕድሜው ያኔ 22 ነው። እናቱ ብቻቸውን ነው ያሳደጉት። አንድ ቀን ከሰርክ ጉባኤ በኋላ ያዙኝና «ዲያቆን፣ ልጄ ለማኝ ሆኖ አይቅር። እኔ ሳልሞት አንድ ነገር ይልመድልኝ» አሉኝ። እኔም ፈጣን ነኝ፤ በሳምንቱ ዳቦ ቤት ካለው ምእመን ጋር ተነጋገርኩና ልጁን አስገባሁት። በጣም ደስ አለኝ። ጽድቅ የሠራሁ መሰለኝ። በዘጠነኛው ቀን ልጁ ሥራውን ትቶ ቤቱ ተቀመጠ። ባለ ዳቦ ቤቱ «ዲያቆን፣ ያንተ ሰው አልሆነም፤ አይችልም» አለኝ። እኔም «ምን ይደረጋል፣ አቅሙ ነው» ብዬ ተውኩት። እናቱን ሳገኛቸው ያንኑ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «ልጄ ሌላ ሌላውን ላያውቅ ይችላል፤ ሌሎቹ ልጆች ቅዳሜ ብር ሲቀበሉ ለእርሱ ሁለት ዳቦ እንደሰጡት ግን ያውቃል» አሉኝ።

ወገኖቼ፣ ያን ቀን መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ደመወዝ ይከፈለው አይከፈለው ጠይቄ አላውቅም። «ከቤት ከሚውል መዋሉ ይበቃዋል» የሚል ሐሳብ በእኔም ልብ ነበረ ማለት ነው። የሠራተኛውን ሂሳብ ፀሐይ ሳትገባ ክፈል የሚለው የኦሪት ትእዛዝ (ዘዳ. 24) ፈጥኖ ለሚረዳ ሠራተኛ ብቻ የተጻፈ መስሎኝ ኖሯል። ቅዱስ ያዕቆብም በምዕራፍ 5 ስለተከለከለው የአጫጆች ደመወዝ ጩኸት ሲጽፍ የአጫጆቹን የመቁጠር ችሎታ አልጠየቀም።

ኋላ ሳጣራ ደግሞ ሌላም ነገር ነበር። በመጀመሪያው ቀን «ይህን ሥራ» ብለው በአንድ ጊዜ አምስት ነገር ነግረውታል። ዱቄት አምጣ፣ ትሪ እጠብ፣ እንጨት ጨምር፣ በሩን ክፈት፣ ቶሎ በል። ሁለቱን ይዞ ሦስቱን ሲረሳ ጮኹበት። በሰባተኛው ቀን የመግቢያ ሰዓቱ ሲቀየር የነገረው የለም፤ መጥቶ በተዘጋ በር ላይ ቆሞ ተመለሰ። እኛ «አይችልም» ያልነው ይህንን ነው።

የአብነት ትምህርት ቤት ያለፋችሁ ታውቁታላችሁ። የኔታ ሕፃኑን በመጀመሪያው ቀን ዳዊት አያስደግሙትም። ፊደል ያስቆጥሩታል። ፊደሉን ሲለይ አቡጊዳ፣ ከዚያ መልእክተ ዮሐንስ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ነው ዳዊት የሚደርሰው። አንዷን ሳይዝ ወደ ቀጣዩዋ አይሄድም። ደግሞ ሁሉን የኔታ አያስተምሩም፤ ታላቁ ተማሪ ታናሹን አጠገቡ አስቀምጦ በጣቱ እያሳየ ያስቀጽለዋል። በመምህራን ኮሌጅ ዲፕሎማዬን ስማር ስለ አካቶ ትምህርት የተማርኩትን ያኔ አስታውሼ ማንበብ ጀመርኩ። ማርክ ጎልድ የሚባል አሜሪካዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ፣ ምንም አይማሩም የተባሉ የእድገት ውስንነት ያለባቸውን ሰዎች የብስክሌት ፍሬን መገጣጠም አስተምሯል። ሥራውን ወደ ትንንሽ እርምጃዎች ከፋፈለው፤ ብዙ ሳያወራ በእጁ አሳየ፤ ሰውየው ሲያቅተው ሰውየውን ሳይወቅስ የማሳያ መንገዱን ቀየረ። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር የተለመደው መንገድ ሰውየውን ለዓመታት «ማዘጋጀት» ትቶ እውነተኛው የሥራ ቦታ ላይ ማስገባትና አብሮት የሚቆም ሰው መመደብ ነው። ሳነበው ሳቅሁ። የኔታ የሚያደርጉት ነው እኮ!

ስለ ቅዱስ ያሬድ የሚነገረውን ታውቃላችሁ፤ ትምህርት አልገባ ብሎት ከመምህሩ ሸሽቶ ዛፍ ሥር ሲቀመጥ እየወደቀች ደጋግማ የምትወጣውን ትል አየ። ይህን ታሪክ ለእነዚህ ልጆች እናቶች ስናጽናና እንጠቅሰዋለን። ጥሩ ነው፤ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ያሬድ በኋላ ተገልጦለት ሊቅ ሆነ። ወንድማችን ሊቅ ላይሆን ይችላል። ምናልባት ዕድሜውን ሙሉ ከአሥር በላይ አይቆጥርም። እናቱን «ጠብቂ፣ ይገለጥለታል» እያልን ሃያ ዓመት ከምናስጠብቅ፣ እስከ አሥር በሚቆጥረው ምን ይሥራ የሚለውን ብናስብላት ይሻላል።

ሁለተኛውን ሥራ የሰጠው ከእኛ ወገን አይደለም። ሮቤ ላይ የእህል መጋዘን ያላቸው አንድ ሐጂ ናቸው። መቼም ባሌ ስንዴና ገብስ ነው፤ አዝመራው ሲደርስ ኮምባይነሩ ያጭዳል፣ ከዚያ በኋላ ያለው የጆንያ ሥራ ግን ዛሬም በሰው እጅ ነው። መጋዘኑ ውስጥ ጆንያ የሚያቆም፣ አፉን የሚይዝ፣ በሲባጎ የሚሰፋ ሰው ያስፈልጋል። ሐጂን ሳነጋግራቸው እንደ ባለፈው «ልጁን ይርዱልኝ» አላልኩም። «ለመስፋት ሰው ይፈልጋሉ? አንድ ሰው አለኝ፤ ቀስ ብሎ ነው የሚለምደው፤ የመጀመሪያውን ወር ከእኛ አንድ ሰው አብሮት ይቆማል፤ በሰፋው ጆንያ ልክ እንደ ሌላው ይከፈለው» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ዲያቆን፣ ክፍያው ሐቁ ነው፣ እሱን አትለምነኝ። ከለመደ ይቀራል፣ ካልለመደም ነግሬህ ነው የማሰናብተው» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ መልስ አልሰማሁም።

ከዚያ ሥራው ተጀመረ፣ የእኛ ሥራ ማለቴ ነው። ጎባና ሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው። ለእኔና ለእናንተ ምንም አይደለም። ብቻውን መኪና ተሳፍሮ ለማያውቅ ሰው ግን ረጅም ነው። የሰንበት ትምህርት ቤታችን ሁለት ወጣቶች ተቀያየሩለት። መጀመሪያ አጠገቡ ተቀመጡ። ቀጥለው ከኋላው ወንበር ተቀመጡ። ከዚያ አንዱ ጎባ ያሳፍረዋል፣ ሌላው ሮቤ ይጠብቀዋል። ታርጋም ጽሑፍም አያነብም፤ ግን ረዳቱ «ሮቤ ሮቤ» ብሎ ሲጣራ ድምፁን ያውቃል፤ ማታ «ጎባ ጎባ» ሲል ይገባል። ብሩን ለመቁጠር እንዳይቸገር የመሄጃው በአንዱ ኪሱ፣ የመመለሻው በሌላው ኪሱ ይቀመጥለታል።

መጋዘን ውስጥም እንደዚያው። አፉን እጠፍ፣ መርፌውን አስገባ፣ ሲባጎውን ሳብ፣ ጫፉ ላይ ቋጥር። ማጠፉን ብቻ አራት ቀን ፈጀ። ቆጠራው እንዴት ይሁን ስንል መላውን ያመጡት ራሳቸው ሐጂ ናቸው። ሁለት ቆርቆሮ አስቀመጡለት፤ በአንዱ ባቄላ ሞላበት፤ አንድ ጆንያ በሰፋ ቁጥር አንድ ባቄላ ወደ ሌላው ይጨምራል። ማታ ባቄላው ይቆጠራል፣ በዚያው ይከፈለዋል። አንድም ቀን ተከራክረው አያውቁም። መጀመሪያ ላይ ሌሎቹ ከሚሰፉት ግማሹን እንኳ አይሰፋም ነበር፤ ክፍያውም በዚያው ልክ አነስተኛ ነው። ይህን አልደብቃችሁም። የአንዱ ጆንያ ዋጋ ግን ከሌላው አይለይም። ዛሬ የሰፋው ጆንያ ተፈቶ ስለማያውቅ ሩቅ አገር የሚጫነውን ለእርሱ ይሰጡታል።

አንድ ጊዜ ግን ሊበላሽ ነበር። ሐጂ ለአንድ ወር ያህል ርቀው ሄዱ። መጋዘኑን የያዘው የእህታቸው ልጅ የልጁን ሁኔታ የነገረው አልነበረም፤ ባቄላውን «ጨዋታ» መስሎት አነሣው። ወንድማችን በማግሥቱ አልሄደም። ሦስት ሳምንት ቤት ተቀመጠ። እኛ ደግሞ ለምዷል ብለን መጠየቁን ትተን ነበር። ማስቀጠር አንድ ነገር ነው፤ ማቆየት ሌላ። የሚያጠፋቸው ብዙ ጊዜ የሥራው ክብደት አይደለም፤ አለቃ ሲቀየር፣ ሰዓት ሲቀየር፣ ዕቃ ሲቀየር የሚያስረዳቸው ሰው መጥፋቱ ነው። ከዚያ ወዲህ በየአሥራ አምስት ቀኑ አንድ ሰው መጋዘን ደርሶ «እንዴት ነው?» ይላል። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው የገቡት። በዚያ ሰሞን ስሄድ ሐጂም ወንድማችንም ሳይበሉ ጎን ለጎን ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሐጂ እየሳቁ «ያንተ ልጅ ከእኔ ቀድሞ ይፈታል» አሉኝ። የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ትዝ አለኝ፤ ካህኑም ሌዋዊውም አይተው ስላለፉት፣ ሌላው መንገደኛ ስላነሣው ሰው። እኔ ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ወገን ነበርኩ።

ስለ ጾም ካነሣን ኢሳይያስ ምዕራፍ 58ን እናስብ። የተራበን ስለማብላት የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከእርሱ ከፍ ብሎ ቁጥር 3 ላይ ግን እግዚአብሔር በጾመኞቹ ላይ የሚያነሣው ወቀሳ ስለ ሠራተኞቻቸው ነው፤ እየጾሙ ሠራተኞቻቸውን ያስጨንቁ ነበር። ስለዚህ ሱቅ፣ ሻይ ቤት፣ ወፍጮ፣ መጋዘን፣ ችግኝ ጣቢያ ያላችሁ ምእመናን፣ ለእነዚህ ወጣቶች የሚበቃ አንድ ተደጋጋሚ ሥራ በቤታችሁ እንዳለ ታውቃላችሁ። የምለምነው ምጽዋት አይደለም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568 የአእምሮ ጉዳት ያለበትንም ይጨምራል፤ አሠሪው የሥራ ሁኔታውን እንዲያመቻች፣ ረዳትም እንዲመድብ ያዛል። ሁለት ዓመት ቆይቶ በ2002 ዓ.ም. አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጽድቃለች። ያ ስምምነት በአንቀጽ 27 ስለ ሥራና ስለ ተገቢ ክፍያ ይናገራል። መንግሥት ያዘዘውን ቤተ ክርስቲያን ከእርሱ በፊት አውቃው ነበር፤ የወይኑ ቦታ ጌታ በአሥራ አንደኛው ሰዓት አደባባይ የቆሙትን ሲጠይቃቸው ሰነፎች ስለሆኑ እንደቆሙ አልነገሩትም፤ የሚቀጥራቸው ጠፍቶ ነው የቆሙት (ማቴ. 20)። ሐዋርያው ጳውሎስም በሁለተኛው የተሰሎንቄ መልእክቱ አይብላ ያለው መሥራት ስላልወደደ ሰው ነው፤ መሥራት ስለተከለከለ ሰው አይደለም። ይህን ጥቅስ በእነዚህ ልጆች ላይ የምታነሡ ወንድሞች እባካችሁ ደግማችሁ አንብቡት።

እናቶች ሆይ፣ ፍርሃታችሁ ይገባኛል። ይመቱታል፣ ያታልሏታል፣ ይሰርቁታል። ይህ የሚሆንበት ጊዜ አለና አብሮ የሚከታተል ሰው ሳይኖር አትላኩ። ለሴት ልጅ ደግሞ ይበልጥ። ግን ቆልፋችሁ አታስቀምጡ። ደመወዙንም እናንተ ብትይዙለት እንኳ በመጀመሪያ በእርሱ እጅ ይግባ። በአዲስ አበባ ወላጆች ራሳቸው ተሰባስበው «ፍቅር» የተባለውን የአእምሮ እድገት ውስንነት ብሔራዊ ማኅበር አቋቁመዋል። በ2013 ዓ.ም. ያረፉት ወይዘሮ ዘሚ የኑስም ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን ደብቀው ማኖር ሲችሉ አደባባይ ወጥተው ለሌሎች ልጆች የሚሆን የጆይ ማዕከልን ከፈቱ። ኦቲዝም ሌላ ነገር ቢሆንም የእናት ልብ ግን አንድ ነው። አዲስ አበባ ከእኛ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። እነርሱ እስኪደርሱልን ድረስ እኛ ጉባኤ አለን፣ ማኅበር አለን፣ ዕድር አለን። ለቀብር በአንድ ሰዓት ውስጥ ድንኳን የሚተክል ሕዝብ ለአንድ ወር ጠዋት ጠዋት የሚሄድ ሁለት ወጣት አያጣም።

አሁን በደብራችን አንዲት የ19 ዓመት እኅታችን አለች። ዳውን ሲንድረም አለባት። ሲኒ ስታጥብ ብታዩአት አንድም የቡና አተላ አትተውም፤ አንዱን ሲኒ ሦስት ጊዜ ነው የምታየው። ጎባ ላይ ሻይ ቤት ያላቸው አንዲት እናት ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት፣ እንደ ሌላዋ አጣቢ እየከፈሉ ሊያሠሯት ተስማምተዋል። እስከ አሁን ያልጀመረችው ለመጀመሪያው ወር አብራት የምትቆም ሰው ስላልተገኘ ነው። ሴት ብትሆን ይመረጣል፤ ማንበብ መጻፍ ባትችልም ግድ የለም፣ ትዕግሥት ካላት ይበቃል። በየሰንበቱ ቅዳሴ ሲያበቃ በሰንበት ትምህርት ቤቱ በር ላይ እቆማለሁ። ሌላ ከተማ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ደግሞ የደብራችሁን የሰንበት ትምህርት ቤት ጠይቁ፤ በእናንተም ጓዳ አንድ ሰው አለ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።